ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ወደ ክፍል መመለስ፦ ወንድሜ ይማር ወይስ ይረፍ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን ደግሜ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ሌላውም እንዲከተለን ባጭሩ ላስቀምጠው። ወንድምሽ 22 ዓመቱ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት ተማሪ እያለ የመኪና አደጋ ደረሰበት፣ 9 ቀን ኮማ ውስጥ ቆየ፣ አሁን 14 ወር ሆኖታል። ይራመዳል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ያየው ሰው ሁሉ "ተመስገን ድኗል እኮ" ይላል። ግን አንድ ገጽ አንብቦ ታች ሲደርስ ላይኛው ጠፍቶበታል፣ ሁለት ሰው እኩል ሲያወራበት ይናደዳል፣ ከሰዓት ላይ ደግሞ እንደተደበደበ ሰው ይዝላል። እሱ በሚቀጥለው ሴሚስተር ልመለስ ይላል፣ እናትሽ ይረፍ ልጄን አታስጨንቁት ይላሉ፣ አባትሽ ደግሞ ጭንቅላት ካልሰራ ይዝጋል፣ ይማር ይላሉ፣ አንቺ መሃል ላይ ሆነሽ ክፍል መግባቱ አእምሮውን ይመልስለታል ወይስ ይጎዳዋል ብለሽ ጠየቅሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንዲት መስመር "ወደ ድሮው ይመለሳል ወይ" ብለሻል፣ እሷንም አልዘልላትም።

ስራዬ ይሄው ነው፣ ከአንጎል ጉዳት በኋላ ትኩረትን፣ ማስታወስን፣ ማሰብን መልሶ ማለማመድ። መልሴን ከፊት ልስጥሽ፦ ይመለስ። ግን በአንድ ኮርስ ብቻ ይመለስ፣ እና በዛ ሴሚስተር ዋናው ትምህርቱ "እኔ አሁን እንዴት ነው የምማረው" የሚለው ይሁን፣ ኮርሱ መለማመጃው ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይሄን አውቆ ከወጣ ሴሚስተሩ ሰርቷል ማለት ነው።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ቤት ያላችሁት ሁላችሁም እወቁት፣ አለዚያ አንድ ቀን "ሰነፈ እኮ ይሄ ልጅ" የሚል ቃል ከአንዱ አፍ ይወጣል፣ ከወጣ ደግሞ አይመለስም። መኪናው ድንገት ሲቆም ጭንቅላቱ ይቆማል፣ ውስጥ ያለው አንጎል ግን ለስላሳ ነውና ጉዞውን ይቀጥላል፣ የፊተኛውና የጎን ክፍሉ ደግሞ የተቀመጠው ሸካራና ወጣ ገባ አጥንት ላይ ስለሆነ እዛ ላይ ይፋተጋል። ትኩረት፣ እቅድ ማውጣት፣ ራስን መቆጣጠር፣ አዲስ ነገር መያዝ፣ እነዚህ በብዛት የተመሰረቱት እዛ ላይ ነው። ከዛ ሌላ የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኙት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ የሚበጠሱም አሉ፣ ይሄ ደግሞ ሲቲ ስካን ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ስለዚህ "ምስሉ ደህና ነው ተብለናል" ብላችሁ ልጁን አትጠርጥሩት። ክሩ ሲጎዳ መልእክቱ ይሄዳል፣ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ብዙው ችግሩ ይሄ መዘግየት ነው፣ ረጋ ብለሽ ስታስረጂው ሁሉም ነገር ይገባዋል አይደል? ድሮ የሚያውቀው ነገር ደግሞ አብዛኛው ቦታው ላይ አለ፣ ለዛ ነው ሲያወራ ምንም ያልሆነ የሚመስለው፣ የ1ኛ ዓመት ሂሳቡን እየሰራ ትላንት ማታ ያነበበውን የሚያጣው።

ክፍል ውስጥ ይሄ ምን እንደሚመስል አብሬው ከሰራሁት አንድ ተማሪ ደብተር ላሳይሽ። የመጀመሪያው ገጽ ንጹህ ነው፣ ጽሁፉ ደቃቅና ቀጥ ያለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዓረፍተ ነገሮቹ ግማሽ ግማሽ ናቸው፣ "የዚህ ዋና ምክንያቱ" ብሎ ይጀምርና ያቆማል፣ ወደ ቀጣዩ መስመር ይዘላል፣ እሱም ግማሽ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊደሎቹ አድገዋል፣ መስመሩን ለቀው ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ ከዛ በኋላ ባዶ ነው። ልጁን ስጠይቀው "መምህሩ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወራው" አለኝ። መምህሩ የሚያወራው እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ልጁ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቀና ሲል ሁለተኛው አልፎታል፣ ሦስተኛው ግማሽ ላይ ደርሷል። ሰዓቱን አብረን ቆጠርነው፣ ፊደሎቹ ማደግ የጀመሩት 25ኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። ያ ልጅ ክፍሉ የሚፈጀውን 50 ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ ይጨርስ ነበር፣ ወላጆቹም በዛ ደስ ይላቸው ነበር፣ ግን ከ25 በኋላ ያለው ለሱ ዝም ብሎ መድከም ነበር፣ ማታ ራሱን እያመመው የሚተኛውም ለዛ ነው።

እናትሽም አባትሽም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። እረፍት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግድ ነው፣ ቀላል ኮንከሽን (ጭንቅላት ተመትቶ አንጎል ሲናወጥ) የደረሰበት ሰው እንኳን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረጋ ብሎ ከዛ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ነው የሚመከረው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንታት መዝጋት አይጠቅምም። የወንድምሽ ከባድ ጉዳት ነው፣ የሆስፒታል ወረቀቱ ላይ ከ3 እስከ 15 የሚሄድ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ግላስጎው ኮማ ስኬል የሚባለው የንቃት መለኪያ ነው፣ 1974 ላይ የወጣ፣ 8 እና ከዛ በታች ከባድ ይባላል። ከዛ ቁጥር በላይ ግን እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር አለ፦ ከነቃ በኋላ ትላንት ማን እንደጠየቀው፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ መያዝ እስኪጀምር ስንት ቀን ፈጀ? ይሄ ጊዜ ስለወደፊቱ ብዙ ይነግረናል፣ ቤተሰብ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ አስታውሳችሁ ጻፉት። ለማንኛውም 14 ወር ላይ ያለ ሰው ዝም ብሎ በማረፍ አይሻለውም።

አባትሽ ላይ ስመጣ፣ "ካልሰራ ይዝጋል" ማለታቸው ልክ ነው፣ ችግሩ ዝም ብሎ ማሰራት በራሱ አለመፈወሱ ነው። አንጎልን እንደ ክንድ ጡንቻ አድርገን እናስበውና ማንኛውም ክብደት ያጠነክረዋል እንላለን፣ በተግባር የሚሻሻለው የተለማመድነው ነገር ራሱ ነው። የስልክ ላይ የአእምሮ ጌሞችን ብዙ ቤተሰብ ይጠይቀኛል፣ ልጁ ጌሙ ላይ ጎበዝ ይሆናል፣ የወጥ ቤቱን ምድጃ ግን አሁንም ሳያጠፋ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ 2016 ላይ ሉሞሲቲ የሚባለው የዚህ ጌም አቅራቢ በማስረጃ ያልተደገፈ ጥቅም አስተዋውቀሃል ተብሎ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ ሌክቸር መከታተል የሚፈልግ ሰው መለማመድ ያለበት ሌክቸር መከታተልን ነው፣ ክፍል ጥሩ ነው የምለውም ለዚሁ ነው፣ ሰዓት አለው፣ ሰው አለው፣ ድግግሞሽ አለው፣ የማይገመት ጥያቄ አለው፣ ቤት ውስጥ በእናት ፊት የማይገኝ ነገር ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮስትላይን የሚባል ኮሌጅ የአንጎል ጉዳት ያለባቸውን አዋቂዎች በዚሁ ሃሳብ ነው የሚያስተምረው፣ ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ተማሪ ደብተር ይዘው ክፍል ይገባሉ፣ የሚማሩት ግን ማስታወስን፣ ትኩረትን፣ ማቀድን ነው። "ታካሚ" ከመባል "ተማሪ" ወደ መባል መመለሱ ራሱ ሰውን ቀና ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ስራው። ማክኬይ ሙር ሶልበርግና ካትሪን ማቲር የሚባሉ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ትኩረትን በአምስት ደረጃ ከፍለው አስቀምጠውት ነበር፣ እኔ በክፍል ቋንቋ ልንገርሽ። ስሙ ሲጠራ ዞር ማለት አንድ፣ ሳይቋረጥ ማዳመጥ ሁለት፣ ኮሪደር ላይ ጫጫታ እያለ ማዳመጥ ሦስት፣ ከማዳመጥ ወደ መጻፍ ከመጻፍ ወደ ማዳመጥ መመላለስ አራት፣ ሁለቱን እኩል ማስኬድ አምስት። ኖት መያዝ አራተኛና አምስተኛው ላይ ነው ያለው! እኛ ደግሞ ልጁን ገና ሁለተኛው ላይ እያለ ደብተርና እስክሪብቶ አስይዘን እንልከዋለን። ስለዚህ መጀመሪያ መጻፉን ከላዩ ላይ አውርዱለት። ሃንድአውት ካለ ቀድሞ ይውሰድ፣ አንድ የታመነ ጓደኛ ኖቱን ፎቶ አንስቶ ይላክለት፣ መምህሩ ከፈቀዱ ድምጽ ይቅዳ። እሱ ክፍል ውስጥ ስራው ማዳመጥ ብቻ ይሁን፣ በእጁ አንዲት ካርድ ይያዝ፣ ካርዷ ላይ ማታ ራሱ የጻፋቸው ሦስት ጥያቄዎች ይኑሩ፣ ከሃንድአውቱ ርዕሶች የወጡ። የሦስቱን መልስ አድኖ ከወጣ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። ጥያቄ ይዞ የሚሰማ ሰውና ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው በጣም ይለያያሉ፣ ጤነኛውም እንደዛው ነው።

ንባቡም እንደዛ ነው። አንድ ገጽ አንብቦ ይጠፋበታል ላልሽው፣ ገጽ ለሱ አሁን በጣም ብዙ ነው። አንድ አንቀጽ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይዝጋ፣ በራሱ ቃል ጮክ ብሎ ይናገር፣ ከዛ ገልጦ ያመሳክር። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በይ፣ ይሄን ብዙ አስጠኚ ወንድምና እህት ይዘነጋዋል። "እስቲ ገምት፣ ሞክር፣ አስብ እንጂ" እያሉ ማፋጠጥ ማስታወሱ በጣም ለተጎዳ ሰው ይጎዳዋል፣ ምክንያቱም የገመተው ስህተት ራሱ ይቀረጽበታል፣ በኋላ ስህተቱን ከትክክሉ መለየት ያቅተዋል። አለን ባድሊና ባርባራ ዊልሰን 1994 ላይ እንዳሳዩት እንዲህ አይነት ሰዎች ሳይሳሳቱ እንዲማሩ ሲደረግ የበለጠ ይይዛሉ። ስለዚህ ነገሩ ገና ትኩስ እያለ ጠይቂው፣ ልክ ይመልሳል፣ ከዛ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ ከዛ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከዛ ማታ፣ ከዛ ጠዋት። ካቃተው አታፋጥጪው፣ መልሱን ንገሪውና ክፍተቱን አሳጥሪው።

የማስታወሻ ደብተሩን ነገር በደንብ ልበልበት፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ሆኖ ሳለ ብዙ ቤተሰብ ገዝቶ ይሰጥና በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ስር ይገኛል። ደብተር መጠቀም ራሱ መማር ያለበት ነገር ነው። መጀመሪያ ደብተሩ ውስጥ ምን ምን እንዳለ፣ የቱ የት እንደሚጻፍ ይወቅ፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ ሆኖ መቼ እንደሚጻፍ ይለማመድ፣ መጨረሻ ላይ ውጪ ይዞት ይውጣ፣ ሶልበርግና ማቲርም በ1989 ያስቀመጡት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ደብተር ብቻ ይሁን፣ ሦስት ክፍል ይኑረው፦ ዛሬ ምን አለብኝ፣ ምን ሆነ፣ ማንን ምን እጠይቃለሁ። ስልክ ላይም ይሆናል፣ አላርሙ ጥሩ ነው፣ ግን አላርሙ "ተነስ" ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ይጻፍበት፣ "ላብ ኮት ያዝ፣ 2ኛ ፎቅ" ብሎ። "ረሳሁ" ባለሽ ቁጥር መልሱን ከመንገርሽ በፊት "ደብተርህ ምን ይላል?" በይው፣ በፍቅር፣ ሳትሰለቺ፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይሄንኑ ዓረፍተ ነገር ይበል። እናትሽ ከሁሉም ይልቅ እዚህ ላይ ይቸገራሉ፣ ማንኛዋም እናት ልጇ ሲጨነቅ እያየች መልሱን አፏ ውስጥ መያዝ አትችልም፣ ስለዚህ ለምን እንደሆነ አስረጂያቸው።

ድካሙን አቅልላችሁ አትዩት። ይሄ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም አይደለም፣ እኛ ሳናስበው የምንሰራውን ነገር እሱ እያንዳንዱን አስቦ፣ ተጠንቅቆ ስለሚሰራው የሚመጣ ነው። ከመጣ በኋላ ማረፍ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ከመምጣቱ በፊት 10 ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ ጸጥ ማለት ግን ብዙ ያድናል። ለዛ ነው የዛን ተማሪ ደብተር ያሳየሁሽ፣ ወንድምሽም መከታተል የሚያቅተውን ደቂቃ ፈልጉና ከዛ 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይውጣ፣ በር አጠገብ ይቀመጥ፣ መምህሩ ቀድመው ይወቁ። የሚመዘገበውም ኮርስ ጠዋት ያለው ይሁን፣ ከሰዓቱን ክፍት ይተውለት። ከሳምንት ሳምንት ደቂቃዋ ትረዝማለች፣ አንዳንዴ ወደ ኋላም ትመለሳለች፣ ያልተኛ ሌሊት ወይ ጉንፋን ይበቃታል።

ከዩኒቨርሲቲው ጋር የምትነጋገሩት፦ በፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ በአንድ ቀን ሁለት ፈተና እንዳይገጥመው፣ ካልሆነለትም ያለ ቅጣት ዊዝድሮው ማድረግ (ኮርሱን ማቋረጥ) እንዲችል። ከሐኪሙ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደብዳቤው "ጉዳት ደርሶበታል" ብቻ ሳይል ምን እንደሚያስፈልገው አንድ በአንድ ይዘርዝር፣ አስተዳደር ሰው የሚሰራው በተጻፈው ነው። እሱም ራሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር አጥንቶ ይያዝ፣ "ሃሳቡን ለመያዝ ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ" የምትል። ቀላል ትመስላለች፣ መስታወት ፊት ቆመው ብዙ ቀን የሚለማመዷት ተማሪዎች አሉኝ።

ሌላ ቤት ውስጥ የሚያጣላችሁ ነገር ይኖራል፣ እሱ "ምንም አልሆንኩም፣ ሙሉ ኮርስ እወስዳለሁ" ሊል ይችላል። ይሄ ግትርነት ላይሆን ይችላል፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ራስን የማየት ችሎታም አብሮ ይጎዳል። አትከራከሩት፣ ይገምት። ከማንበቡ በፊት "ከ10 ጥያቄ ስንቱን እመልሳለሁ" ብሎ ራሱ ቁጥር ይጻፍ፣ ከመለሰ በኋላ ውጤቱን አጠገቡ ይጻፍ። መጀመሪያ 9 ጽፎ 4 ያገኛል፣ ከወር በኋላ 5 ጽፎ 5 ሲያገኝ ያ ለኔ ከ9ኙ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ራሱን ማወቅ ጀምሯል፣ ራሱን ያወቀ ሰው ደግሞ መቼ ማረፍ፣ መቼ መጠየቅ እንዳለበት ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ቁጥሩ ከወረደ በኋላ ግን ስሜቱን ጠብቂለት፣ እውነቱን ማየት ሲጀምር የሚያዝንበት ጊዜ አለ፣ ድባቴ ከዚህ ጉዳት በኋላ በብዛት ይመጣል፣ መታከምም ይችላል።

ሐኪሙን ሳታዩ የማይታለፉትን ፈጠን ብዬ ልንገርሽ። የሚጥል ነገር ካለው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከመጣ፣ ካስመለሰው፣ ወይም ድንገት የተለየ ግራ መጋባት ካየሽ ክፍሉ ይቆይና ወደ ሐኪም። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም አሳዩ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማሰብን ያዘገያል፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። አልኮል ይቅር። ጭንቅላት የሚያስመታ ስፖርትም ይቅርበት።

"ወደ ድሮው ይመለሳል ወይ" ላልሽው። መሻሻሉ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፣ እስከ 2 ዓመት ድረስ በደንብ ይታያል፣ ከዛ በኋላ ይዘገያል ግን ዘዴ መማር አይቆምም። የድሮው መንገድ ሁሉ ይከፈታል ብዬ አልዋሽሽም፣ ከ9 ቀን ኮማ በኋላ አንዳንዱ ይቀራል፣ ፍጥነቱ በተለይ። ግን ሌላ መንገድ ይገኛል። አሌክሳንደር ሉሪያ የሚባል የሶቪየት ኒውሮሳይኮሎጂስት (አንጎልና አስተሳሰብን የሚያጠና ባለሙያ) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የረዳው አንድ ወታደር ነበር፣ እንደ ወንድምሽ ተማሪ የነበረ፣ ፖሊቴክኒክ የሚማር፣ 1943 ላይ ጥይት ጭንቅላቱን መታው። ማንበብ ጠፋው፣ እያንዳንዱን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ማስታወስ አቃተው፣ ወራት ታገለ። አንድ ቀን ፊደል በፊደል አታስብ፣ እጅህን ሳታነሳ ቃሉን ባንዴ ጻፈው ተባለና ጻፈው። አእምሮው ፊደሉን ማስታወስ ቢያቅተውም ልማዱ እጁ ላይ ነበር። የጻፈውን ራሱ በመከራ ነበር የሚያነበው፣ ግን 25 ዓመት ያህል ታሪኩን ሲጽፍ ኖረ። እኔ ወንድምሽን የምፈልግለት ያቺን እጅ ነው፣ ምናልባት ድምጹን ቀድቶ መስማት ይሆናል፣ ምናልባት ለሌላ ሰው ማስረዳት፣ ምናልባት በስዕል መያዝ፣ ክፍል ሳይገባ ግን አናውቃትም።

ስለዚህ አንድ ኮርስ አስመዝግቡት፣ በጣም የሚወደውን እና ጠዋት ያለውን። ሁለት ሳምንት ይማር። ከዛ የማስታወሻ ደብተሩን ተቀበይውና አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ መከታተል የሚያቅተው ከየትኛው ደቂቃ ጀምሮ እንደሆነ፣ ካርዷ ላይ ካሉት ሦስት ጥያቄዎች ስንቱ እንደተመለሰ፣ ማታ ራሱን ያመመው የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ ጻፊልኝ። ስለ ሁለተኛው ኮርስ ያኔ እናወራለን።